ነገ የሚከፍለው ማን ነው? ከወደፊት ራስ ጋር ያለ ትስስርና የጤና ልማድ

መግቢያ

የደም ግፊት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው የሚጠበቅበት ተግባር ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ በየዕለቱ አንድ ወይም ሁለት ክኒን መዋጥ፣ ጨው መቀነስ፣ በእግር መሄድ። ሕመሙ ግን ከሌሎች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ወባ የያዘው ሰው መድኃኒቱን የሚወስደው ትኩሳቱ እንዲበርድለት ነው፤ ጥርሱን የታመመም ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሕመሙ እንቅልፍ ስለነሣው ነው። የደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ክኒኑ ዛሬ የሚያስታግሰው ሥቃይ የለም፤ ወጪው፣ የቀጠሮው ምልልስና አንዳንዴም የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ዛሬ ናቸው። ጥቅሙን የሚያገኘው ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ በስትሮክ ሳይመታና ኩላሊቱ ሳይደክም የሚኖረው ሰው ነው። በሌላ አነጋገር አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይጠቀማል። እነዚህ ሁለቱ በስምም በመታወቂያም አንድ ሰው ናቸው፤ በስሜት ግን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ሲሆን፣ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ከአምስቱ የአንዱ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ክፍተት የምርመራ እጥረት፣ የመድኃኒት ዋጋና የጤና ተቋማት ርቀት ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። የሰው ጠባይ ድርሻ ሲነሣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ማብራሪያዎች ይቀርባሉ፤ የእውቀት ማነስና ራስን የመግዛት ድክመት። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሦስተኛ ማብራሪያ ላይ ነው፤ ሰው ዛሬ ባለው ማንነቱና ወደፊት በሚሆነው ማንነቱ መካከል በሚሰማው ቅርበት ወይም ርቀት ላይ። በሥነ ልቡና ጥናት ይህ ስሜት ከወደፊት ራስ ጋር ያለ ትስስር ይባላል።

የጽንሰ ሐሳቡ መነሻ

ጽንሰ ሐሳቡ ሥነ ልቡና ከመሆኑ በፊት ፍልስፍና ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሪክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአንድን ሰው የትናንትና የነገ ሕይወት የሚያያይዙት የትዝታ፣ የዓላማ፣ የእምነትና የጠባይ ክሮች እንደሆኑ፣ እነዚህ ክሮችም ሊጠብቁና ሊላሉ እንደሚችሉ ይከራከራል። ጊዜው በራቀ ቁጥር ክሮቹ ይሳሳሉ። ፓርፊት ካነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ ማጨስ የሚጀምር ወጣት ነው፤ ልጁ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊሠቃይ እንደሚችል ያውቃል፣ ግን ደንታ የለውም። ለዚያ የወደፊት ሰው ያለው አመለካከት ለባዕድ ሰው ካለው አመለካከት ጋር ይመሳሰላል። ከዚህ በመነሣት ፓርፊት አንድ ከባድ ሐሳብ ያቀርባል፤ በራስ የወደፊት ሕይወት ላይ ጉዳት ማድረስ የብልሃት ጉድለት ብቻ ሳይሆን፣ በሌላ ሰው ላይ በደል ከመፈጸም ጋር የሚቀራረብ የሥነ ምግባር ጥያቄም ሊሆን ይችላል።

ይህን ሐሳብ ወደሚለካ ነገር የቀየሩት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ናቸው። አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 የሰዎችን ቅርበት ለመለካት ቀላል መሣሪያ አዘጋጅተው ነበር። በመሣሪያው ላይ ሰባት ጥንድ ክበቦች ይታያሉ፤ በመጀመሪያው ጥንድ ክበቦቹ ተለያይተዋል፣ በመጨረሻው አንዱ በሌላው ላይ ሊደረብ ተቃርቧል። አንዱ ክበብ መላሹን፣ ሌላው ደግሞ የቅርብ ሰውን ይወክላል። ሃል ኸርሽፊልድና የጥናት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለተኛውን ክበብ «ከዐሥር ዓመት በኋላ የምሆነው እኔ» በሚል ተክተው ተጠቀሙበት። ክበቦቹ ይበልጥ የተደራረቡበትን ጥንድ የመረጡ ተሳታፊዎች የተሻለ ጥሪት ማፍራታቸው ታየ። ጥናቱ የተነሣው ከገንዘብ ቁጠባ ነው፤ ይሁንና ቁጠባና ጤና አንድ ዓይነት አወቃቀር አላቸው። በሁለቱም ዛሬ የሚተው ነገር አለ፣ ነገ የሚሰበሰብ ነገር አለ።

የወደፊት ራስ እንደ ሌላ ሰው

ሰው የወደፊት ራሱን እንደ ሌላ ሰው ያያል የሚለው አባባል ዘይቤ ብቻ አለመሆኑን የሚያመለክቱ ሙከራዎች አሉ። ኤሚሊ ፕሮኒንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች ለሳይንሳዊ ሙከራ ሲባል ጣዕሙ የሚያስጠላ ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚጠጣ እንዲወስኑ ተጠይቀዋል። ለአሁኑ ራሳቸው የወሰኑት መጠን አነስተኛ ነበር። ለወደፊት ራሳቸው የወሰኑት መጠን ግን ከፍ ያለ ሲሆን፣ ለሌላ ተሳታፊ ከወሰኑት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ውሳኔ ሰጪዎቹ የወደፊት ራሳቸውን የመደቡት ከራሳቸው ጎን ሳይሆን ከሌላው ሰው ጎን ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ማስረጃ የመጣው ከአንጎል ምስል ጥናት ነው። በኸርሽፊልድ፣ በዊመርና በነትሰን እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት፣ ሰዎች ስለ አሁኑ ራሳቸው ሲያስቡ በአንጎል የፊተኛው መካከለኛ ክፍል የሚታየው እንቅስቃሴ፣ ስለ ወደፊት ራሳቸው ሲያስቡ ከሚታየው ይበልጥ ነበር። ልዩነቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልዩነቱ የሰፋባቸው ተሳታፊዎች ከጊዜ በኋላ በቀረበላቸው ምርጫ ዘግይቶ ከሚመጣ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ ፈጥኖ የሚገኝ ትንሽ ገንዘብ ወደ መምረጥ ያዘነበሉ ነበሩ።

ይህ ዝንባሌ በጠባይ ሳይንስ የጊዜ ቅናሽ ይባላል። ነገሩን በምሳሌ መግለጽ ይቻላል። አንድ ሰው ዛሬ 1,000 ብር ወይም ከአንድ ወር በኋላ 1,200 ብር እንዲመርጥ ቢጠየቅ የዛሬውን ሊመርጥ ይችላል። ምርጫው ከአንድ ዓመት በኋላ በሚሰጥ 1,000 ብርና ከአንድ ዓመት ከአንድ ወር በኋላ በሚሰጥ 1,200 ብር መካከል ሲሆን ግን ያው ሰው አንዱን ወር ለመታገሥ አይቸገርም። በሁለቱም ሁኔታ የሚጠበቀው አንድ ወር ነው፤ የሚለየው ዛሬ በመሥዋዕትነቱ ውስጥ መኖሩና አለመኖሩ ነው። ሪድና ቫን ሊዩዌን እ.ኤ.አ. በ1998 በአምስተርዳም በሠራተኞች ላይ ያካሄዱት ጥናት ይኸው ጠባይ በምግብ ምርጫ ላይም እንደሚታይ አሳይቷል። ለሚቀጥለው ሳምንት ፍራፍሬ ከመረጡት ውስጥ ብዙዎቹ ሰዓቱ ሲደርስ ጤናማ ወዳልሆነው መክሰስ ዞረዋል። ለነገው ራስ ጾምን ማወጅ ቀላል ነው፤ ጿሚው ዛሬ ሲሆን ውሳኔው ይናወጣል።

ከሱስ ጋር ያለው ግንኙነትም ተጠንቷል። ቢክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ የሚያጨሱ ሰዎች አጭሰው ከማያውቁትም ማጨስ ካቆሙትም ይልቅ ዘግይቶ የሚመጣን ገንዘብ ዋጋ አብዝተው ይቀንሳሉ። ያቆሙት ሰዎች ወደማያጨሱት መቅረባቸው ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሆኖም ማቆማቸው አመለካከታቸውን ለውጦት ይሁን፣ ወይም አመለካከታቸው ቀድሞም የተለየ በመሆኑ አቁመው ይሁን ከዚህ ጥናት ብቻ መለየት አይቻልም።

ትስስሩና የጤና ልማድ

ከወደፊት ራስ ጋር ያለን ትስስር በቀጥታ ከጤና ጋር ካያያዙት ሥራዎች ተጠቃሹ፣ አብርሃም ራችክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ነው። በመጀመሪያው ክፍል በተካሄደው የተዛምዶ ጥናት፣ ከወደፊት ራሳቸው ጋር ጠንካራ ትስስር እንዳላቸው የገለጹ ሰዎች ስለ ጤንነታቸው የሰጡት ግምገማም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በሁለተኛው ክፍል ተሳታፊዎች ደብዳቤ እንዲጽፉ ተደረገ፤ ገሚሶቹ ከ20 ዓመት በኋላ ለሚሆኑት ራሳቸው፣ ገሚሶቹ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ለሚሆኑት ራሳቸው። በቀጣዮቹ ቀናት የበለጠ የአካል እንቅስቃሴ ያደረጉት ለሩቁ ራሳቸው የጻፉት ናቸው። ይህ ውጤት ሊጤን የሚገባው ነው። የሦስት ወሩ ሰው ቀድሞውንም ቅርብ ነው፤ የደብዳቤው ጥቅም የታየው ሩቁን ሰው ባቀረበበት ቦታ ነው።

ትስስሩ ልማድን የሚለውጠው በምን መንገድ ነው? ከጥናቶቹ በመነሣት ሁለት መንገዶችን መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው የዋጋ ግምት ነው። የወደፊቱ ሰው ቅርብ ሲሆን የእርሱ ሕመም እንደ ራስ ሕመም፣ የእርሱ ትርፍም እንደ ራስ ትርፍ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የዛሬው መሥዋዕትነት የገዛ ኪስን ከመሙላት እንጂ ለማይታወቅ ሰው ከመመጽወት ጋር አይመሳሰልም። ሁለተኛው የኃላፊነት ስሜት ነው። በፓርፊት አካሄድ ሲታይ፣ የወደፊት ራስ መቃወም የማይችል ባለ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ በሚደረገው ውሳኔ ላይ ድምፅ የለውም፣ ውጤቱን ግን እርሱ ይሸከማል። ሰው ለልጁ ወይም ለወላጁ ሲል የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለዚህ ባለ ጉዳይ ሊያደርግ የሚችለው መኖሩ ሲሰማው ነው።

ጉዳዩ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት በብሪታንያ ሐኪሞች ላይ የተካሄደውን የረጅም ጊዜ ጥናት መመልከት በቂ ነው። በሪቻርድ ዶልና በኦስቲን ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1951 የተጀመረው ይህ ጥናት የ50 ዓመት ውጤቱ በ2004 ሲታተም፣ የሚያጨሱ ወንድ ሐኪሞች ከማያጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አመልክቷል። በ60 ዓመት ዕድሜ ማቆም ሦስት ዓመት ያህል፣ በ50 ማቆም ስድስት፣ በ40 ማቆም ዘጠኝ፣ በ30 ማቆም ደግሞ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ ይመልሳል። እነዚህ ቁጥሮች አንድ ጭንቅ የሆነ እውነት ይናገራሉ። ትርፉ ከፍተኛ የሚሆነው ተጠቃሚው እጅግ ሩቅ በሆነበት ዕድሜ ነው። የ60 ዓመቱ አዛውንት የሚጠቀመውን ሰው በመስተዋት ሊያየው ይቃረባል፤ የ30 ዓመቱ ጎልማሳ ግን 10 ዓመት የሚያተርፍለትን ሰው ገና አላገኘውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል ለአድማጩ ትርጉም የሚኖረው እሳቱ የሚደርስበትን ቤት የራሱ አድርጎ ሲያየው ነው።

ትስስር ሲባል ምን ማለት ነው?

ትስስር ለውጥ የለም ብሎ ከማመን ጋር መምታታት የለበትም። ኩዋድባክ፣ ጊልበርትና ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ከ19,000 በሚበልጡ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 68 በሆኑ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በየትኛውም ዕድሜ ያሉ ሰዎች ባለፉት 10 ዓመታት ብዙ እንደተለወጡ ቢናገሩም በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ግን እምብዛም እንደማይለወጡ ይገምታሉ። ይህ ግምት ላይ ላዩን ሲታይ ጠንካራ ትስስር ይመስላል። በጤና ረገድ ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ «ዛሬ ደኅና ነኝ፣ ነገም እንዲሁ እሆናለሁ» የሚል ሰው የሚጠነቀቅበት ምክንያት አያገኝም። ጤናን የሚጠብቅ ትስስር የወደፊቱ ሰው እንደሚለወጥ፣ ጉልበቱም እንደሚቀንስ እያወቁ፣ ያም ሆኖ እርሱን የራስ አድርጎ መቁጠር ነው።

በዘርፉ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ትስስሩን በሦስት ገጽታዎች ይከፍሉታል። እነርሱም የተመሳሳይነት ስሜት፣ የወደፊት ራስን አጥርቶ የማየት ችሎታ እና ለወደፊት ራስ ያለ በጎ ስሜት ናቸው። ሦስተኛው ገጽታ ለጤና ትምህርት ልዩ ትርጉም አለው። ዘመቻዎች ብዙውን ጊዜ የወደፊቱን ሰው የሚያቀርቡት በአስፈሪ መልክ ነው፤ እግሩ የተቆረጠ የስኳር ሕመምተኛ፣ ሳንባው የጠቆረ አጫሽ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹ «ይህ እኔ አይደለሁም» ብሎ ፊቱን እንዲያዞር የሚገፋፋ ከሆነ፣ አጥርቶ ማየትን እየጨመረ ተመሳሳይነትንና በጎ ስሜትን ይቀንሳል። ማርከስና ኒዩሪየስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት ጽንሰ ሐሳብ ውስጥ የሚፈራ ማንነትና የሚመኙት ማንነት ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው። ፍርሃት መውጫ በር ሲኖረው ያንቀሳቅሳል፤ በሩ ካልታየ ግን ያርቃል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

የእነዚህ ጥናቶች ውጤት ከልክ በላይ እንዳይለጠጥ ሦስት ነጥቦችን ማስታወስ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ተዛምዶ መንስኤን አያረጋግጥም። ጤናማ ሰው የወደፊት ራሱን በቀላሉ ይቀርበዋል፤ የታመመ ሰው ግን ስለ ነገ ማሰቡ ራሱ ሊያስጨንቀው ይችላል። ስለዚህ ትስስሩ ጤናን እንደሚያሻሽል ሁሉ ጤናም ትስስሩን ሊያሻሽል ይችላል። እንደ ደብዳቤው ያሉ ሙከራዎች ይህን ጥያቄ በከፊል ይመልሳሉ፤ ነገር ግን የለኩት የጥቂት ቀናትን ጠባይ እንጂ የዓመታትን ልማድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከወደፊት ራስ መራቅ ሁልጊዜ የአስተሳሰብ ስሕተት አይደለም። የሚቀጥለውን ወር የቤት ኪራይ ከየት እንደሚያመጣ የማያውቅ ሰው፣ ወይም ቀየው በግጭት የታመሰበት ሰው፣ ከ20 ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ራሱ አለማሰቡ ከሁኔታው ጋር የሚስማማ ነው። ነገ በእርግጥ አጠራጣሪ ሲሆን ነገን ማቃለል የአእምሮ ድክመት ሳይሆን ስሌት ነው። እንዲህ ላለው ሰው ደብዳቤ ማጻፍ ሳይሆን ነገን ማስተማመን ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ ትስስር ብቻውን መድኃኒት አይገዛም። የደም ግፊት ክኒን ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋ፣ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ ሲሆን፣ ጉድለቱን በታካሚው ስሜት ላይ ማላከክ የሥርዓትን ዕዳ ወደ ግለሰብ ማዛወር ይሆናል።

ጥናቱ በኢትዮጵያ ሲታሰብ

ከላይ የተጠቀሱት የሙከራ ጥናቶች የተካሄዱት በአሜሪካና በአውሮፓ ነው። በኢትዮጵያ መሣሪያዎቹን ተርጉሞ ብቻ መጠቀም ለምን በቂ እንደማይሆን የአማርኛ አነጋገር ራሱ ይጠቁማል። «ዕድሜና ጤና ይስጥህ» የሚለው ምርቃት ረጅም ዕድሜንና ጤናን አጣምሮ ለነገው ሰው የሚለምን ነው። በሌላ በኩል ስለ ነገ የሚነገር ዕቅድ ሁሉ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ወይም «ኢንሻአላህ» በሚል ይታጀባል። «ከ10 ዓመት በኋላ የሚሆኑትን ራስዎን ምን ያህል ይቀርቡታል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በድፍረት ላለመናገር ሲል ራቅ ያለውን ክበብ ቢመርጥ፣ መልሱ የትስስር ማነስን ሳይሆን ትሕትናን የሚለካ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የክበቦቹ ብዛት ነው። መሣሪያው ሁለት ክበቦች ብቻ አሉት፤ የዛሬው ሰውና የነገው ሰው። በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ዘንድ ስለ እርጅና ሲታሰብ ግን ሦስተኛ ወገን አብሮ ይነሣል። «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው አባባል የወደፊቱን ራስ የሚያሳየው ብቻውን ሳይሆን በልጅ እጅ ሲጦርና ሲቀበር ነው። እድርም ከዚሁ ይመደባል፤ አባሉ በየወሩ መዋጮ የሚከፍለው ራሱ በሕይወት ኖሮ ለማያየው ቀንም ጭምር ነው፣ ቀጣይነቱን የሚያስጠብቀውም የግል ቁርጠኝነቱ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹ ቃል ኪዳንና የቅጣት ደንቡ ነው። ከዚህ በመነሣት ሊፈተሽ የሚችል መላምት ማቅረብ ይቻላል፤ ከወደፊት ራስ ጋር ያለው ትስስር በቀጥታ ሲለካ ደካማ ሆኖ በሚታይበት ቦታ፣ በቤተሰብና በማኅበር በኩል ሲለካ ጠንክሮ ሊገኝ ይችላል። «ከ20 ዓመት በኋላ ለሚሆኑት ራስዎ ይጻፉ» ከሚለው መመሪያ ጎን «ልጅዎ በሚዳርበት ቀን በሠርጉ ላይ ለሚገኙት ራስዎ ይጻፉ» የሚል መመሪያ ቢሞከር፣ ሁለቱን ማነጻጸር ለማስተርስ ደረጃ ጥናት የሚበቃ ጥያቄ ነው። መጻፍ ለማይችሉ ታካሚዎችም ደብዳቤው በቃል ሊነገር፣ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የቤት ለቤት ጉብኝት ወቅትም በውይይት መልክ ሊካሄድ ይችላል።

ተግባራዊ ትርጉሙም ቀላል ነው። የደም ግፊት ታካሚ ለክትትል ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ስለ አደጋው ነው። በዚያው አጭር ጊዜ ውስጥ «ከ15 ዓመት በኋላ በየትኛው ሥራ፣ ከማን ጋር፣ የት ሆነው ራስዎን ያያሉ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ ክኒኑ የሚዋጥለት ሰው ፊት ያገኛል። ይህ ጥያቄ መድኃኒቱን መከታተልን ያሻሽል እንደሆነ በመረጃ ሊረጋገጥ የሚገባው ነው፤ ለመሞከር የሚጠይቀው ወጪ ግን እጅግ ትንሽ ነው።

ማጠቃለያ

የጤና ልማድ ብዙውን ጊዜ በእውቀትና በፈቃድ መካከል እንደሚደረግ ትግል ይገለጻል። ከላይ የቀረቡት ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ግን፣ ጉዳዩ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ዝምድናም ነው፤ ዛሬ በሚወስነውና ነገ በሚሸከመው መካከል። ዝምድናው ሲጠብቅ የዛሬው ሰው ለነገው ሰው መጨነቅ ይጀምራል፤ ሲላላ ደግሞ በማያውቀው ሰው ስም ይበደራል። ዝምድናውን ማጥበቅ ይቻላል፤ ለዚህ ግን ምስሉ ጥርት ያለና ተስፋ ያለበት፣ የሰውየውን ቤተሰብና ማኅበር ያካተተ፣ መድኃኒትንና ሰላምን በማቅረብም የሚታገዝ መሆን አለበት። በኢትዮጵያ የሚቀጥለው ሥራ የሌላውን አገር ክበቦች ከመቅዳት በፊት፣ እዚህ ያለው ሰው የነገውን ራሱን በማን መካከል ቆሞ እንደሚያየው መጠየቅ ነው።